ትኩሳት ሲነሳ ለምን ብርድ ብርድ ይላል?

ጥያቄው፦ «ትኩሳት ሊይዘኝ ሲል ግንባሬ እሳት ይሆናል፣ እኔ ግን በብርድ እንቀጠቀጣለሁ። ሰውነት ሙቀቱን አንድ ልክ ላይ ይጠብቃል ተብለን ተምረናል። ታዲያ ትኩሳት ማለት ይህ ጥበቃ ተበላሸ ማለት ነው? በዚያ ሰዓትስ መደረብ ነው ማውለቅ የሚሻለው? በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብስ?»

ምላሽ፦

ጥበቃው አልተበላሸም። ብርድ ብርድ የሚልዎት እንዲያውም በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ስለሆነ ነው። የተቀየረው ሰውነት ሊጠብቀው የያዘው ልክ ነው። ጥበቃው በእርግጥ የሚሸነፍበት ሌላ ሁኔታ አለ፤ እሱ የሙቀት ምት ይባላል። ቴርሞሜትሩ በሁለቱም ላይ 40 ሊያሳይ ይችላል፣ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ማምታታቱ ሕይወት ሊያስከፍል ስለሚችል ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

በመጀመሪያ «37 ዲግሪ» የምንለው ቁጥር። ይህን ልክ ለዓለም ያስለመደው ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቩንደርሊህ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1868። ቁጥሩ ግን ችንካር አይደለም። የጤነኛ ሰው ሙቀት ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ዝቅተኛው ላይ ይሆናል፣ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ደግሞ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ ልዩነቱ ግማሽ ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። በሴቶች ላይ እንቁላል ከወጣ በኋላ ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ጨምሮ እስከ ወር አበባ ይቆያል። የሚለካበት ቦታም ለውጥ ያመጣል፤ ብብት ከፊንጢጣ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ዝቅ ብሎ ሊያነብ ይችላል። ሰውነት ውስጡን በልክ የሚጠብቅበትን ይህን ሥራ የሚሰይመውን ሆሚዮስታሲስ የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣው አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን «ሆሞ» ሳይል «ሆሚዮ» ያለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው «አንድ ዓይነት» ማለት ነው፣ ሁለተኛው «ተመሳሳይ»። የሚጠበቀው የቆመ ነገር ሳይሆን ሲወዛወዝ ከክልሉ የማይወጣ ነገር ነው።

ይህ ጥበቃ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ አዋቂ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ ከ80 እስከ 100 ዋት የሚደርስ ሙቀት ያመነጫል፤ ልብ፣ ጉበት፣ አንጎልና ኩላሊት ሥራ አያቋርጡምና። 70 ኪሎ የሚመዝንን ሰው በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ወደ 245 ኪሎጁል ይበቃል። እንግዲህ ሙቀቱ መውጫ ቢያጣ፣ ጣታችንን ሳናነሳ በየሰዓቱ ከ1 ዲግሪ በላይ እንጨምር ነበር። በአራት ሰዓት ውስጥ 42 ዲግሪ አካባቢ እንገኛለን። ስንሮጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ከ20 እስከ 25 በመቶው ብቻ ነው፣ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ሙቀቱን የሚያስወጡት ሁለት ዋና በሮች ናቸው። አንዱ የቆዳ የደም ሥሮች ናቸው። በምቹ አየር በቆዳ በኩል የሚያልፈው ደም በደቂቃ ከግማሽ ሊትር አይበልጥም፤ በከባድ ሙቀት ጊዜ ግን ከ7 እስከ 8 ሊትር ሊደርስ ይችላል። በቆዳ ሥር የሚፈሰው ደም ሙቀቱን ለአየሩ ያስረክባል። ሁለተኛው በር ላብ ነው፣ በጣም ኃይለኛው እሱ ነው። 1 ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ከቆዳ ላይ ቢተን ወደ 2400 ኪሎጁል ይዞ ይሄዳል። ከላይ ባለው ሒሳብ 70 ኪሎ የሚመዝንን ገላ በ10 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ መጠን ነው። ቁልፉ ቃል «ቢተን» የሚለው ነው። ከአገጭ የሚንጠባጠብ ወይም በጨርቅ የሚጠረግ ላብ ውሃና ጨው ያስከፍላል እንጂ አያቀዘቅዝም። እርጥበት በበዛበት አየር ውስጥ ሰው በላብ ተጠምቆም የሚግለው ለዚህ ነው።

ብርድ ሲሆን ደግሞ ሥራው ይገለበጣል። የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ገላ ውርር ይላል፣ ሰው ኩርምት ብሎ ይተኛል፤ ኩርምት ማለት ለአየር የተጋለጠውን ገላ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ካልበቃ ጡንቻዎች ያለ ፈቃዳችን መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፤ በዚህም የሙቀት ምርት እስከ አራትና አምስት እጥፍ ሊያድግ ይችላል። አራስ ሕፃናት በደንብ መንቀጥቀጥ አይችሉም። በምትኩ በትከሻና በአንገት አካባቢ ያለ ቡናማ ስብ አላቸው፣ እሱን ሙቀት ለማምረት ብቻ ያቃጥሉታል።

የዚህ ሁሉ አዛዥ በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ ነው። ከቆዳ፣ ከአከርካሪ፣ ከሆድ ዕቃና ከራሱ ደም ወሬ ይሰበስባል። ቆዳ ቀድሞ አስጠንቃቂ ነው፦ ቀዝቃዛ ነፋስ ክንድዎን ሲነካ የውስጥ ሙቀትዎ ገና ንቅንቅ ሳይል የደም ሥሮቹ ይጠባሉ። ብዙ መጻሕፍት ሃይፖታላመስን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ የሙቀት መቆጣጠሪያ ያስረዱታል። ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ይሰውራል። ላብ፣ የደም ሥር መጥበብና መንቀጥቀጥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መነሻ አላቸው። በነቃ ሰው ላይ ላብ በሚጀምርበትና የደም ሥሮች መጥበብ በሚጀምሩበት ሙቀት መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት አሥረኛ ዲግሪ ብቻ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጥ ይህ ክፍተት እስከ 4 ዲግሪ ሊሰፋ ይችላል፤ ስለዚህ የሚቀዘቅዝ ሕመምተኛ ሰውነቱ ምላሽ ሳይሰጥ ይቀራል። በቀዶ ሕክምና የመጀመሪያ ሰዓት የውስጥ ሙቀት ከ1 ዲግሪ በላይ መውረዱ የተለመደ ሲሆን፣ ታካሚውን ሙቅ አየር በሚነፋ ብርድ ልብስ ማሞቅ የቅንጦት ጉዳይ ያልሆነውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ተሕዋስ ሲገባ የመከላከያ ሴሎች ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6ና ቲኤንኤፍ የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። እነዚህ በአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የተባለ ንጥረ ነገር እንዲመረት ያደርጋሉ። ይህም ሃይፖታላመስ ውስጥ ሙቀትን የሚያስወጡ ነርቮችን ዝም ያሰኛቸዋል። ውጤቱ ልኩ ወደ ላይ መነሳቱ ነው።

ልኩ ከ37 ወደ 39.5 ተነሳ እንበል። በዚያች ደቂቃ የእርስዎ ሙቀት ገና 37 ነው። ከትናንት ምንም አልተለወጠም፣ ለአንጎልዎ ግን 2.5 ዲግሪ የጎደለው ገላ ነው፣ በረዶ ውስጥ የገባ ያህል ይቆጥረዋል። ስለዚህ የብርድ ሥራውን በሙሉ ይጀምራል። የእጅና የእግር ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፣ ከንፈር ይገረጣል፣ ጥርስ ይንቀጫቀጫል፣ ሰውየው ብርድ ልብስ ይሻል። የጎደለውን ለመሙላት ወደ 610 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ በተለመደው የዕረፍት ምርት ቢሆን፣ ምንም ሳይባክን እንኳ፣ ወደ ሁለት ሰዓት ይወስድ ነበር። መንቀጥቀጡ ይህን ያፋጥነዋል። ግንባርዎ እሳት ሆኖ መዳፍዎ በረዶ የሆነው ቆዳው ተዘግቶ ሙቀቱ በውስጥ በራስና በደረት አካባቢ እየተጠራቀመ ስለሆነ ነው። የሚሰማዎት «ብርድ» የሙቀትዎ መጠን አይደለም፤ በያዙት ሙቀትና በሚፈለገው ልክ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

39.5 ሲደረስ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ገላ ይሞቃል፣ ፊት ይቀላል፣ ብርዱም ይለቃል፤ ሙቀቱ ከልኩ ጋር ተስተካክሏልና። ከዚያ የሕመሙ ምክንያት ሲቀል ወይም መድኃኒት ሲወሰድ ልኩ ወደ 37 ይመለሳል። አሁን ገላው 2.5 ዲግሪ ትርፍ አለው፣ ስለዚህ ላብ በላብ ይሆናል። ሦስቱንም ደረጃ በግልጽ የሚያሳየው ወባ ነው፤ በተለመደው መልኩ ብርዱ ከ15 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ ግለቱ ከ2 እስከ 6 ሰዓት፣ ላቡ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ጥገኛ ተሕዋሱ ያደገባቸው ቀይ የደም ሴሎች አንድ ላይ ሲፈነዱ ልኩ በድንገት ይነሳል።

ትኩሳት ጥቅም አለው ወይ ለሚለው አንድ የድሮ ሙከራ ጥሩ ማስረጃ ነው። እንሽላሊት የራሱን ሙቀት ማምረት አይችልም፣ ሙቀቱን የሚያስተካክለው ቦታ በመምረጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ማቲው ክሉገርና ባልደረቦቹ የበረሃ ኢጓና የሚባሉትን እንሽላሊቶች በባክቴሪያ አስይዘው ሲያዩ፣ እንስሳቱ ከወትሮው 2 ዲግሪ ያህል የሚሞቅ ቦታ መረጡ። በተለያየ ሙቀት እንዲቆዩ ሲደረግ ደግሞ በሞቀው ቦታ የነበሩት በብዛት ተረፉ፣ በቀዘቀዘው የነበሩት በብዛት ሞቱ። ልክ መቀየር የሕመም ብቻ ነገር አይደለም። ውሃ ያጣ ግመል ሌሊት ወደ 34፣ ቀን እስከ 41 ዲግሪ ሙቀቱ እንዲለዋወጥ ይፈቅዳል፤ ቀን የተጠራቀመውን ሙቀት በላብ ከማስወጣት ይልቅ ሌሊት በነፃ ለቀዝቃዛው አየር ይሰጠዋል። ውሃውን ለማዳን የሙቀት ክልሉን ያሰፋል። ሰውነት ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ መጠበቅ ሲያቅተው የትኛውን እንደሚያስቀድም ግመል በደንብ ያሳየናል።

ይሁን እንጂ ትኩሳት ዋጋ ያስከፍላል። ከ37 በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የኦክስጅን ፍጆታ በ10 በመቶ ገደማ ያድጋል፣ የልብ ምትም በደቂቃ ወደ 10 ያህል ይጨምራል። ለጤነኛ ሰው ቀላል ነው፤ ለልብና ለሳንባ ሕመምተኛ ግን ከባድ ሸክም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በብርዱ ደረጃ ላይ ቀለል ያለ ብርድ ልብስ መደረብ ምንም ጥፋት የለበትም፤ መንቀጥቀጡን ያሳጥራል፣ ሰውየውንም ያሳርፋል። መንቀጥቀጡ ሲያበቃ ድርቡን ያንሱ። ላብ ሲጀምር ወደ ስስ ልብስ ይለውጡ፣ የረጠበውን አውልቁ። ሕፃንን ግን በምንም ደረጃ ላይ ጠቅልለው አያፍኑ፤ ሕፃን ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ቆዳ ስላለው ከውጭ የሚሆነው ነገር ቶሎ ይለውጠዋል፣ ራሱ ድርቡን ገፍቶ መጣልም አይችልም። የሚጠጣ ነገር ደጋግመው በትንሽ በትንሹ ይስጡ፤ የጠቆረና ያነሰ ሽንት ውሃ መጉደሉን ይናገራል።

በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ወይም ማበስን በትኩሳት ጊዜ አልመክርም። ልኩ 39.5 ላይ ሆኖ ቆዳውን ሲያቀዘቅዙት አንጎል ልዩነቱ የሰፋ ይመስለዋል፤ የደም ሥሮቹን የባሰ ይዘጋል፣ መንቀጥቀጡን ያጠብቃል። ሕመምተኛውን አሠቃይተው የሚያገኙት ጥቂት አሥረኛ ዲግሪ ነው፣ እሱም ወዲያው ይመለሳል። በአልኮል ማሸት ደግሞ አደገኛ ነው፤ በቆዳና በትንፋሽ ገብቶ በተለይ ሕፃናትን ይመርዛል።

ልኩን የሚያወርደው የፕሮስታግላንዲኑን ምርት የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ፓራሲታሞል ለአዋቂ ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ነው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4000 ማለፍ የለበትም። ጉበቱ የታመመ፣ መጠጥ የሚያዘወትር ወይም ክብደቱ ከ50 ኪሎ ያነሰ ሰው ሐኪም በሚነግረው ዝቅተኛ መጠን ይወስዳል። ለልጅ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ ቢያንስ በ4 ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ይሰጣል። ስሕተት የሚበዛው ሽሮፕ ላይ ነው። አንዱ ጠርሙስ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም፣ ሌላው በ5 ሚሊሊትር 250 ሚሊግራም ይይዛል። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ከ120 እስከ 180 ሚሊግራም ነው። ከመጀመሪያው ጠርሙስ ከ5 እስከ 7.5 ሚሊሊትር ማለት ነው፣ ከሁለተኛው ግን ከ2.4 እስከ 3.6 ብቻ። ጠርሙሱ ሲቀየር መጠኑን ያልቀየረ ወላጅ እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። በወጥ ቤት ማንኪያ ሳይሆን አብሮ በሚመጣው መለኪያ ወይም በሲሪንጅ ይለኩ። የጉንፋን መድኃኒቶች ብዙዎቹ በውስጣቸው ፓራሲታሞል አላቸው፣ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ጉበት ይጎዳል። አስፕሪን ለልጆች አይሰጥም።

መድኃኒቱ ሥራ የሚጀምረው ከግማሽ እስከ 1 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ሙቀቱን በ1 ወይም በ1.5 ዲግሪ ያህል መቀነሱም በቂ ነው። 37 ካልደረሰ ብሎ መደጋገም ስሕተት ነው። ዓላማው ሕመምተኛው እንዲጠጣ፣ እንዲተኛ፣ እንዲቀለው ነው። ሌላም ብዙ ወላጅ የሚያስጨንቀው አለ፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ልጆች ከ100 ከ2 እስከ 5ቱ በትኩሳት ጊዜ ሊንዘፈዘፉ ይችላሉ። መድኃኒት ቀድሞ መስጠት ይህን አይከለክልም። ልጁን በጎኑ አስተኝተው፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳይከቱ፣ ሰዓት ይያዙ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ድንገተኛ ሕክምና ነው፤ ቶሎ ቢቆምም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

አሁን ተቃራኒው ጉዳይ፣ የሙቀት ምት። እዚህ ልኩ 37 ላይ እንዳለ ነው፣ ሰውነትም ሙቀቱን ለማስወጣት የቻለውን ሁሉ እያደረገ ነው፣ ግን የሚገባው ወይም የሚመረተው ሙቀት ከሚወጣው በልጧል። የውስጥ ሙቀት ከ40 በላይ ሆኖ ሰውየው ግራ ከተጋባ፣ ከተንገዳገደ፣ የማይገናኝ ነገር ካወራ ወይም ራሱን ከሳተ የሙቀት ምት ነው። «ቆዳው ደረቅ ካልሆነ አይደለም» የሚባለው ትልቅ ስሕተት ነው፤ በከባድ ሥራ ወይም በሩጫ የመጣ ከሆነ በላብ እንደተጠመቀ ሊወድቅ ይችላል። ፓራሲታሞል እዚህ ምንም አይፈይድም፤ የሚያወርደው ልክ አልተነሳም፣ የተጎዳ ጉበት ላይ ግን ሸክም ይጨምራል።

እዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ነው መድኃኒቱ፣ ጊዜውም ደቂቃ በደቂቃ ይቆጠራል። አምቡላንስ ይጠሩ፣ ግን ማቀዝቀዙን አምቡላንስ እስኪመጣ አያቆዩ። ወደ ጥላ ያስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ ገንዳ ካለ እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ አንድ ሰው የታማሚውን ጭንቅላት ደግፎ ይያዝ፣ ሌላው ውሃውን ያማስል፤ ገላውን የነካው ውሃ ቶሎ ስለሚሞቅ ካልተማሰለ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል። ገንዳ ከሌለ መላ ገላውን ያለማቋረጥ በውሃ እያራሱ በኃይል ያራግቡ፤ በረዶ ውሃ ውስጥ የተነከሩ ጨርቆችን በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ያድርጉ፣ እንደሞቁም ይቀያይሩ። ግቡ በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ 39 ማውረድ ነው። የውስጥ ሙቀትን በእርግጠኝነት የሚለካው በፊንጢጣ የሚገባው ቴርሞሜትር ነው። 39 ሲደርስ ያቁሙ፤ ከዚያ ከተቀጠለ ወደ ተቃራኒው ይወርዳል። ራሱን ላልያዘ ሰው በአፍ ምንም አይስጡ።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ቀደም ብሎ የሆነው ነገር ነው። በፀሐይ ወይም በከባድ ሥራ ላይ የነበረ፣ ብርድ ብርድ ያላለው፣ አእምሮው የተናወጠ ሰው እንደ ሙቀት ምት ይታያል። ጉሮሮው ወይም ደረቱ የታመመ፣ ተንቀጥቅጦ የጋለ ሰው ትኩሳት አለው። የትኩሳት ሙቀት ከ41 እምብዛም አያልፍም፤ ልኩ ራሱ ጣሪያ አለው። የሙቀት ምት ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ ስለሌለው ማንም ካላቆመው ይወጣል።

ትኩሳት ሆኖም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ነገሮች አሉ፦ ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን 38ና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ አንገት ሲደርቅ፣ ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ ሲወጣ፣ ትንፋሽ ሲቸግር፣ ሕመምተኛው ሲደነዝዝ ወይም ሽንት ሲያቆም። ወባ ባለበት አካባቢ የኖረ ወይም የተጓዘ ሰው በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር።

አረጋውያን ለብቻቸው መታየት አለባቸው። በዕድሜ የገፋ ሰው ከባድ የሳንባ ምች ይዞት ልኩ ላይነሳ ይችላል፤ ቴርሞሜትሩ 37.6 ብቻ ያሳያል፣ ቤተሰቡም «ትኩሳት የለውም» ብሎ ይዘናጋል። በእርሱ ላይ የሚታየው ከራሱ የወትሮ ሙቀት ምን ያህል ከፍ እንዳለ ነው። ወትሮ 36.3 የነበረ አዛውንት 37.6 ሲደርስ ከ1 ዲግሪ በላይ ጨምሯል፣ ይህ ለእርሱ ትኩሳት ነው። ስለዚህ ጤነኛ በሆኑበት ወቅት ለጥቂት ቀናት፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ እየለኩ ቁጥሩን ጽፈው ያስቀምጡ፤ በታመሙ ቀን የሚያመሳክሩት በዚያ ነው።